ስለ ዳንቴል ሥራ፤ ክር ቆሞ ቅርጽ ስለሚሆንበት ጥበብ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ እንግዳ አቀባበል ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ዳንቴል ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበናል። ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «ዳንቴልማ የሴቶች የእጅ ማፍታቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሰው በዚህ ነገር ምን ያገባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበርና አንወቅሰውም። ነገር ግን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ እንዲፈርድ እንለምነዋለን፤ ሳይሰሙ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳፍር በራሳችን ደርሶ አይተነዋልና።

ዳንቴል የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። በጠረጴዛው ላይ፣ በወንበሩ መደገፊያ፣ በአበባ ማስቀመጫው ሥር፣ በሬዲዮውና በቴሌቪዥኑ ራስ ላይ ተነጥፎ እናገኘዋለን። ዘወትር በፊታችን ስላለም ልብ ብለን አንመለከተውም። ንጹሕ ከሆነና አሚዶ ነክቶት ቀጥ ብሎ ከተነጠፈ፣ «ባለሙያ ናት» ብለን ሠሪዪቱን እናመሰግናለን፤ ከዚያ በኋላ በላዩ ብርጭቆ እናስቀምጥበታለን፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። የዳንቴል ዕድል መነጠፍ ብቻ ነው ብለን ስለ ቈረጥን፣ ክር ተነሥቶ ሊቆም ይችላል ብሎ የሚያስብ አይገኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የምስክሮችን ቃል ስንጽፍ ውለን ደክመን ወደ ቤታችን ገባን። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ በኪሮሽ ክብ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ሥራው የተጀመረው ለትንሿ ጠረጴዛ ልብስ እንዲሆን ነው። እኛ ስናየው ግን ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማድዶ፣ አንዱ ዕጥፋት በሌላው ላይ ተደርቦ፣ በጠረጴዛው ላይ ሲያኖሩት አልተኛም እያለ ይነሣል። «ይህማ ተበላሽቷል። ክሩ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ተርትሪውና እንደገና ጀምሪው» አልናት። በዚህም ሳናበቃ፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ጨመርንላት። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ ስጨምር አብዝቼ ነው፤ ግን እንዲሁ ቢሆንስ ምን አለበት? አበባ ይመስላል እኮ» አለችን። መልስ አልሰጠናትም። እርስዋም ጫፉን ይዛ ትስበው ጀመር፤ የስንት ማታ ሥራ በጥቂት ደቂቃ ተተርትሮ መልሶ ድቡልቡል ክር ሆነ። አያቷ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ይመለከቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ሥራ የተጻፈ ነገር በእጃችን ገባና ብናነብ፣ ልጃችን ሳታስበው የደረሰችበትን ቅርጽ በሌላ አገር የሒሳብ ሊቃውንት በክብር የሚያሳዩት፣ የቤተ መዘክር አዳራሾችም የሚቀበሉት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ያነበብነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ኪሮሽ ጫፏ እንደ መንጠቆ የቀለሰ አንዲት አጭር ዘንግ ናት። ሠሪዪቱ በመንጠቆዋ ክሩን ስባ በአንድ ቀለበት ውስጥ ታሳልፈዋለች፤ በዚያው አዲስ ቀለበት ይወጣል፤ በእርሱም ውስጥ ደግሞ ሌላውን ታሳልፋለች። ሸማኔ ሥራውን ለመጀመር ድር መዘርጋት አለበት፤ የሚያወጣውም ኩታ ጠፍጣፋ ነው። ሹራብ የሚሠራ ሰው ብዙ ቀለበቶችን በአንድነት በመርፌዎቹ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። በኪሮሽ ሥራ ግን አንዱ ጥልፍ አልቆ ሌላው ሲጀመር በመንጠቆዋ ላይ የሚቀረው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ሠሪዪቱም ይህን አንድ ቀለበት ይዛ በፈለገችው ሥፍራ ልትዞር፣ ወደ ላይ ልትወጣ፣ ከመካከልም አዲስ ቅርንጫፍ ልታበቅል ትችላለች። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የሹራብ መሥሪያ መኪና ያወጣው በ1589 ዓ.ም. ነው። እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ በብዛት የሚያወጣ መኪና ግን እስካሁን በፋብሪካ አልተለመደም። ስለዚህ የኪሮሽ ሥራ በገበያ ስናይ የሰው እጅ የደከመበት መሆኑን ማሰብ ይገባናል።

የቅርጹ ምስጢር ያለው በቍጥር ላይ ነው። በመጀመሪያ ስድስት ቀለበት ያለው ትንሽ ክብ ይሠራል። በየዙሩ ስድስት ስድስት ብቻ ቢጨመርበት፣ ማለት ቍጥሩ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ቢሄድ፣ ሥራው እንደ ጠገራ ብር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። መጨመሩ ቢቀር ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣና በመጀመሪያ ቆብ፣ ቀጥሎም ከረጢት ይሆናል። ከሚገባው በላይ ቢጨመር ግን ጠርዙ ሥፍራ ያጣል። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ሁለት ሁለት ቢሠራበት፣ ቍጥሩ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96፣ 192 እያለ ሄዶ በሰባተኛው ዙር 384 ይደርሳል። ጠፍጣፋው ሥራ በሰባተኛው ዙር የሚይዘው 42 ብቻ ነው። እንግዲህ ለ42 በሚበቃ ዳርቻ ላይ 384 ቀለበት ወዴት ይግባ? ሜዳው ስለ ጠበበው ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ እንደ ማዕበል ይነሣል፤ ይተኛል። ልጃችን «ስጨምር አብዝቼ ነው» ያለችን ይህንኑ ነበር።

የአገራችን ሴቶች ይህን ሥርዓት በስፌት ሥራ ጥንቱን ያውቁታል። ስንደዶውን በአክርማና በአለላ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ ዙር በዙር ላይ ሲያሳድጉ፣ ዙሩን በልክ ቢያሰፉት ሰፌድ ይሆናል፤ ቢያጠቡት ሙዳይ ይሆናል፤ አጥብበው እንደገና ቢያሰፉት ሞሰቡ በእግሩ ይቆማል። ሞሰብ እንጀራ ስለሚቀርብበት ማንም የቅርጽ ሥራ ነው ብሎ አይጠራውም። ነገር ግን በወረቀት ሳይነደፍ በሴት ዓይንና ጣት ተመዝኖ የቆመ ነገር መሆኑን የሚክድ የለም።

ዳንቴል ከልብስ ላይ ብድግ ማለት የጀመረበትን አንድ ታሪክ በአየርላንድ እናገኛለን። በዚያ አገር በ1845 ዓ.ም. የድንች በሽታ ገብቶ፣ ድሃው ሕዝብ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ ስላልነበረው፣ ለብዙ ዓመታት ጽኑ ረኃብ ሆነ። አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በኮርክ አጠገብ የሚገኙ የኡርሱሊን ገዳም መነኮሳይያት ለሴቶች ልጆች የኪሮሽ ሥራ ያስተምሩ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደግሞ በሞናሃን አውራጃ በክሎንስ ከተማ የቄሱ ባለቤት ካሳንድራ ሃንድ የተራቡት ሴቶች ይህንኑ ሥራ ተምረው እንዲያድሩበት አደረጉ። የአየርላንድ ሴቶች ጽጌረዳውን፣ ቅጠሉንና የወይን ዘለላውን ለየብቻው ይሠሩታል። በወፍራም ክር ዙሪያ ቀለበቱን እያጠበቁ ስለሚሠሩት፣ በአንዱም የአበባ ቅጠል ሥር ሌላውን ስለሚደርቡት፣ ጽጌረዳው ከልብሱ ላይ ተነሥቶ ለጣት ይሰማል። ከዚያ በኋላ ሁሉን በቀጭን መረብ ያያይዙታል። ይህ ሥራ ለሀብታሞች ልብስ ጌጥ ሆኖ ተሸጠ፤ ለብዙ ቤትም እህል ገዛ። ልብሱን የለበሱት ወይዛዝርት በሥዕል ላይ በስማቸው ሲጠሩ፣ ጽጌረዳውን የሠሩት ሴቶች ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም።

ከዚህ መቶ ዓመት በኋላ ሥራው በሌላ እጅ ከልብስ ፈጽሞ ተለየ። ሩት አሳዋ በ1926 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ከጃፓን ከመጡ ገበሬዎች ተወለደች። በ1942 ዓ.ም. አሜሪካ ከጃፓን ጋር በምትዋጋበት ጊዜ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተወስደው ሲታጐሩ፣ የዐሥራ ስድስት ዓመቷ ሩት ከእናቷና ከወንድሞቿና ከእኅቶቿ ጋር በመጀመሪያ በፈረስ መሮጫ ሜዳ በፈረስ ጋጣ፣ ቀጥሎም በአርካንሳስ ሰፈር ታሰረች። በኋላ መምህርት ለመሆን ብትማር፣ ስለ ዘሯ የማስተማር ልምምድ የሚሰጣት አጣች። በ1947 ዓ.ም. ወደ ሜክሲኮ ሄዳ በቶሉካ ከተማ ሰዎች ከሽቦ የሚሠሩትን የእንቍላል ቅርጫት አየች፤ አሠራሩንም ከእነርሱ ተማረች። ይህ ሥራ ቀለበትን በቀለበት ውስጥ እያሳለፉ የሚሠሩት ስለሆነ፣ መንጠቆ ባይኖረውም የዳንቴል እኅት ነው።

ሩት አሳዋ በዚህ ሽቦ ቅርጫት ብቻ አልሠራችም። እንደ ቅል ያበጠ፣ አንገቱ የጠበበ፣ እንደገና ያበጠ ረጅም ቅርጽ ሠርታ ከጣራ ላይ ሰቀለችው። በአንዱ ቅርጽ ሆድ ውስጥ ሌላ ቅርጽ ይታያል፤ ብርሃን ሲያልፍበት ጥላው በግድግዳው ላይ ሁለተኛ ሥራ ሆኖ ይወጣል። ስድስት ልጆች እያሳደገች በቤቷ ውስጥ ልጆቿ በዙሪያዋ እየተጫወቱ ትሠራ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ይህን የቤት እመቤት የእጅ ሥራ እንጂ ቁም ነገር አይደለም ብለው ያቃለሉት ነበሩ። እርስዋ ግን ሥራዋን አልተወችም፤ በሳን ፍራንሲስኮም የከተማው ልጆች በተማሪ ቤታቸው ጥበብ እንዲማሩ ብዙ ደከመች። በ2010 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ያለው የጥበብ ተማሪ ቤት በስሟ ተጠራ። በ2013 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በ2020 ዓ.ም. የአሜሪካ ፖስታ ቤት የሽቦ ሥራዎቿን በቴምብር ላይ አወጣ። በልጅነቷ በጋጣ ያሰራት መንግሥት ሥራዋን በደብዳቤ ሁሉ ላይ ለጠፈው ማለት ነው።

ልጆችን የሚመለከት ሌላም ታሪክ አለ። ቶሺኮ ሆሪዩቺ ማክአዳም በ1940 ዓ.ም. በጃፓን ተወለደች፤ በቶኪዮ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ክራንብሩክ በሚባለው የጥበብ ተማሪ ቤት ተምራ ከክር ታላላቅ ቅርጾችን ትሠራ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ሥራዋ በኤግዚቢሽን ተሰቅሎ ሳለ ሁለት ልጆች ሳይፈቀድላቸው በመረቡ ላይ ወጡና ይንጠላጠሉበት ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ልጆቹን ባስወረደ፣ ወላጆቻቸውንም በወቀሰ ነበር። እርስዋ ግን መረቡ ከልጆቹ ክብደት ጋር ሲወዛወዝ አይታ፣ የሠራሁት ነገር ሕይወት ያገኘው ዛሬ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ ወዲህ በቶኪዮ የልጆች መጫወቻ ቦታዎችን እየዞረች መረመረች፤ በ1979 ዓ.ም. በኦኪናዋ በሚገኝ የሕዝብ መናፈሻ ልጆች የሚወጡበትን ታላቅ መረብ አቆመች። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በሃኮኔ ቤተ መዘክር ግቢ፣ ከግንድ በግንድ ተደራርቦ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ በእጅ የሠራችው ባለ ብዙ ቀለም የናይሎን መረብ ተሰቀለ። ልጆች በቀዳዳው ይገባሉ፤ በላዩ ይዘላሉ፤ አንዱ ሲዘል የሌላው መቀመጫ ይነቃነቃል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በጠረጴዛችን ላይ ብርጭቆ የምናስቀምጥበት ያው ቀለበት ነው።

አሁን ወደ ልጃችን ጥፋት እንመለስ። የጥንቱ የግሪክ ሊቅ ዩክሊድ ስለ መሥመርና ስለ ቅርጽ የጻፈው ትምህርት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሳይነቀነቅ ቈየ። በዚያ ትምህርት መሠረት፣ ከአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ውጪ ባለች ነጥብ ላይ የሚያልፍና ያንን መሥመር ከቶ የማያገኝ መሥመር አንድ ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን የሩሲያው ኒኮላይ ሎባቼቭስኪ በ1829 ዓ.ም.፣ የሃንጋሪው ያኖሽ ቦልያይ በ1832 ዓ.ም. በየፊናቸው ሌላ ነገር ጻፉ። በየሥፍራው እንደ ኮርቻ በሚጐብጥ ገጽ ላይ፣ ማለት በፊትና በኋላ በሚነሣ፣ በግራና በቀኝ በሚወርድ ገጽ ላይ፣ እንዲህ ያሉ መሥመሮች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገሩ በጽሑፍ ተረጋገጠ፤ በእጅ ይዞ ለተማሪ ማሳየት ግን አስቸጋሪ ሆነ። መምህራን ወረቀት እየቈረጡና እየለጠፉ ለማሳየት ሞከሩ፤ ወረቀቱም ጥቂት ከተነካካ ይቀደዳል።

በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የላትቪያ ተወላጅ ዳይና ታይሚና ይህን የወረቀት ሥራ አይታ፣ ይህማ በኪሮሽ ይሆናል ብላ አሰበች። በልጅነቷ የእጅ ሥራ ተምራ ነበርና ክርና ኪሮሽ አንሥታ፣ ከተወሰነ ቍጥር ቀለበት በኋላ ሁልጊዜ አንድ እየጨመረች ሠራች። የወጣውም ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል የሚጥመለመል፣ ቢያጥፉት ቢጠቀልሉት የማይቀደድ ገጽ ሆነ። እርስዋም ሥራውን እያጠፈች ቀጥ ያለውን መንገድ አገኘች፤ በዚያም ላይ በሌላ ቀለም ክር መሥመር ሰፋች። ተማሪዎቿም በአንዲት ነጥብ አልፈው ከታችኛው መሥመር ጋር የማይገናኙትን ብዙ መሥመሮች በጣታቸው ዳሰሱ። ስለዚሁ በ2009 ዓ.ም. ያወጣችው መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር እንግዳ ለሆነ የመጽሐፍ ስም የሚሰጠውን የቀልድ ሽልማት አገኘ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር በሊቁ በኦይለር ስም የሚሰጠውን ሽልማት ለዚያው መጽሐፍ ሰጠው። በመጀመሪያ ያሳቀ መጽሐፍ በኋላ ያስከበረ ሆነ።

ይህን አይተው በ2005 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ አውስትራልያውያን መንትያ እኅትማማች፣ ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም፣ ሌላ ሥራ ጀመሩ። በትውልድ አገራቸው በኩዊንስላንድ ባሕር ዳርቻ ያለው ታላቁ የኮራል ስፍራ ከባሕሩ መሞቅ የተነሣ እየነጣ መሄዱ ያሳዝናቸው ነበር። ኮራልም ጠርዙ እንደዚያው የሚጥመለመል ፍጥረት ነው፤ ብዙ ምግብ ከውሃ ለማግኘት ሰፊ ገጽ በጠባብ ሥፍራ ያጥፋልና። እኅትማማቾቹ የቍጥሩን ሥርዓት ተከትለው ሲሠሩ ሥራው የተስተካከለ ሆነ፤ ሥርዓቱን ጥቂት ሲያዛንፉት ግን ሕይወት ያለው መሰለ። ከዚያም ሌሎች ሰዎች በየቤታቸው ሠርተው እንዲልኩ ጠሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው በብዙ አገር ብዙ ሺህ ሰዎች፣ አብዛኛዎቹም ሴቶች፣ ኪሮሻቸውን አነሡ። በ2019 ዓ.ም. ሥራው በቬኒስ ታላቅ ኤግዚቢሽን ታየ፤ በ2022 ዓ.ም. በጀርመን በባደን ባደን ቤተ መዘክር ሲቀርብ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች የሠሩት ወደ 40,000 የሚጠጋ የክር ኮራል ተሰብስቦ ነበር። እኛን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን፣ ከሥራው ጋር የሠሪዎቹ ስም መጻፉ ነው። ለአየርላንድ ሴቶች ያልተደረገው ለእነዚህ ተደረገ።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ በራሳችን አፈርን። በሥራ ቦታችን የተከሳሽ ቃል ሳይሰማ ፍርድ እንዳይሰጥ ዘወትር የምንጽፍ ሰዎች ሆነን ሳለ፣ በቤታችን ግን «አበባ ይመስላል እኮ» ያለችውን ልጅ ቃል ሳንመዝን ፈረድንባት። ስለዚህ ጠርተን፣ «ያን ጊዜ ያስተረተርንሽን ዳንቴል እንደገና ሥሪልን፤ ያጠፋነው እኛ ነን» አልናት። እርስዋም ጥቂት አስባ፣ «አባባ፣ ስንት ስንት እንደ ጨመርሁ አላስታውሰውም፤ እንዲሁ ደስ እያለኝ ነበር የሠራሁት» አለችን። በፍርድ ቤት የተፈረደ ነገር ይግባኝ ቢባልበት መዝገቡ ከነበረበት ይወጣል፤ የተተረተረ ክር ግን መዝገብ የለውም።

በዚያን ጊዜ አያቷ፣ «እኔንም እናቴ እንዲሁ አስተርትራኛለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከቍጥሩ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። እኒህ ሴት ለሰባት ልጆቻቸው ቤት ሁሉ ዳንቴል የሠሩ ናቸው። በእኛም ቤት ካለው የትኛውን እርሳቸው፣ የትኛውን ባለቤታችን፣ የትኛውን ከገበያ የገዛነው እንደ ሆነ ለመለየት ብንሞክር አልቻልንም። አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅምና።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን እንዳይሳሳቱብን አንድ ነገር እናስገነዝባለን። የተጨማደደ ሁሉ ጥበብ ነው አላልንም። የጠረጴዛ ልብስ እሠራለሁ ብላ ለጀመረች ልጅ አለመተኛቱ ስሕተት ነው፤ ስሕተቷንም ማወቅ አለባት። ዳይና ታይሚናም ቀለበቱን በጥንቃቄ ቈጥራ እንጂ በዘፈቀደ አልሠራችም፤ ወርትሃይሞችም ሥርዓቱን ያዛነፉት አስቀድመው ካወቁት በኋላ ነው። ሙያ በልብ ነው ሲባል ልብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። እኛ የምንለው፣ አባት ወይም እናት «ተርትሪው» ከማለታቸው በፊት «ምን ልታደርጊው አሰብሽ? ስንት ጨመርሽበት?» ብለው ይጠይቁ ነው። ልጅቱ መልስ ካላት ትምህርት ነው፤ መልስ ከሌላትም ቍጥሩን በደብተሯ ላይ ጽፋ ለሁለተኛ ጊዜ ትሞክረው፤ የመጀመሪያውም ሥራ እስከዚያ ድረስ ይቀመጥ። አንድ ድቡልቡል ክር ለማትረፍ ሲባል የአንድ ልጅ ሐሳብ መተርተር የለበትም።

ሁለተኛው ምክራችን ስለ ስም ነው። በቤታችሁ የተሠራ ዳንቴል ቢኖር የሠራችውን ሴት ስምና ዓመተ ምሕረቱን በትንሽ ጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ከበስተ ኋላው ስፉበት። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ነገ የሚመልስ ላይገኝ ይችላል። ጸሐፊ ስሙን በጽሑፉ ግርጌ ያኖራል፤ ሠዓሊም በሥዕሉ ጥግ ይጽፋል። ዓይኗን አፍዝዛ ለአንድ ክረምት የተቀመጠችበትን ሥራ የምትሠራ ሴት ከእነዚህ በምን ታንሳለች?

ልጃችንና አያቷ በመስከረም ወር አዲስ ሥራ ጀመሩ። አያቲቱ እየነገሩ፣ ልጅቱ በየዙሩ የጨመረችውን በደብተር እየጻፈች፣ አንድ ጊዜም ቍጥሩ ጠፍቷቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ ሠሩት። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ክሩ በጣም ስለ ፈጀ ሁለት ጊዜ ገበያ ልከናል፤ ስለ ገንዘቡም አልተናገርንም። ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም፤ እርሱን ልጅቱም እኛም አጥተነዋል። ይህኛው ግን አያቲቱ በስተርጅና ከቍጥራቸው ወጥተው የተሳተፉበት የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሁለቱም ስም ከሥሩ ተሰፍቶበታል።

አሁን በመጻሕፍት መደርደሪያችን ላይ ያለ ምንም ድጋፍ ቆሟል። ወደ ቤታችን የሚመጡ እንግዶች አይተውት፣ «ይህ የምን ማስቀመጫ ነው?» ብለው ይጠይቁናል። እኛም የማንም ማስቀመጫ አለመሆኑን ነግረን፣ ልጃችን ራስዋ እንድታስረዳቸው እንጠራታለን።